የሐኪሙ ዓምድ፦ ቤቱን ከመሸጥዎ በፊት የበሽታውን ስም ይጠይቁ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ባይተዋወቁም፣ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት፤ እርሱም የደም ካንሰርና ብዙዎች «መቅኔ ማስቀየር»፣ ሐኪሞች ደግሞ የመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚሉት ሕክምና ነው፤ መቅኔ ማለት በአጥንት ውስጥ ሆኖ ደም የሚያመርተው ክፍል ነው። አራቱም የተላኩት ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ነው። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የጸሐፊዎቹን ስምም አላወጣሁም። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ ዶክተር፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የ29 ዓመቱ ሁለተኛ ልጄ ብረት በያጅ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ግራ ጎኑን ከጎድኑ ሥር እየከበደው፣ ሁለት ጉርሻ ሲበላ እየጠገበ፣ ሌሊት ላብ እያጠመቀው ከሰውነት ተራ ወጣ። የወባም የታይፎይድም መድኃኒት ወስዷል። በመጨረሻ የደም ካንሰር ነው ተባልን። ከሆስፒታል በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ሰጡት፤ በሁለት ወር ውስጥ የጎኑ እብጠት ሟሸሸ፣ ምግብም መብላት ጀመረ። ዘመዶቻችን ግን ‹ክኒኑ ማስታገሻ ነው፤ ካንሰር በክኒን አይድንም፤ ሕንድ ሄዶ መቅኔውን ካላስቀየረ ጊዜ ማባከን ነው› አሉን። እርሱም ክኒኑን ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆነው። ቤቱን ለመሸጥ ደላላ አነጋግረን ገዢ ተገኝቷል። ልሽጥ ወይስ ልተው? የምርመራውን ወረቀት ቅጂ አያይዣለሁ።»

መልስ፦ መምህር፣ በዋናው ነገር ልጀምር። ቤቱን አይሽጡ፤ ልጅዎም ነገ ጠዋት ክኒኑን ወዳዘዘለት ሐኪም ሄዶ ማቋረጡን ሳይደብቅ ተናግሮ መድኃኒቱን ይቀጥል። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ የምጽፍልዎት ዘመዶችዎን የሚያሳምኑት እርስዎ ስለሆኑ ነው።

በላኩልኝ ወረቀት ላይ የልጅዎ ነጭ የደም ህዋሳት ቁጥር 312,000 ተብሎ ተመዝግቧል፤ በጤነኛ ሰው ይህ ቁጥር ከ4,000 እስከ 11,000 ባለው መካከል ይገኛል። ከወረቀቱ ግርጌ በጥድፊያ የተጫሩ ሦስት ፊደላት አሉ፦ ሲ.ኤም.ኤል። ከእነርሱ ቀጥሎ «ቢ.ሲ.አር-ኤ.ቢ.ኤል ፖዘቲቭ» ይላል። የቤትዎን ዕጣ የምትወስነው ይህቺ መስመር ነበረች፤ አንድም ሰው ቁጭ ብሎ እንዳላስረዳችሁ ከደብዳቤዎ ያስታውቃል።

«የደም ካንሰር» የብዙ በሽታዎች የወል መጠሪያ ነው። በሳምንታት ውስጥ ሰውን የሚጥሉ አጣዳፊ ሉኪሚያዎች አሉ፤ ዓመታት እያዘገሙ የሚሄዱም አሉ፤ ከንፍፊት የሚነሱ ሊምፎማዎች አሉ፤ አጥንት የሚቦረቡር ማይሎማ አለ። የአንዱ ሕክምና ለሌላው አይሆንም። በሕጻናት ላይ የሚበዛውን አጣዳፊ ሉኪሚያ ብንወስድ፣ ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ከአሥር ልጆች ዘጠኙ ገደማ ይድናሉ፤ አብዛኞቹም የሚድኑት በኬሞቴራፒ ብቻ ሲሆን፣ ወደ ንቅለ ተከላ የሚሄዱት በሽታው የተመለሰባቸው ወይም ለመድኃኒቱ አልበገር ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው «ደም ካንሰር ይዞታል፣ መቅኔ ያስፈልገዋል» ሲል፣ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ንግግሩ ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

ሦስቱ ፊደላት የሚያመለክቱት ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያን ነው። የዚህ በሽታ ነገር በሕክምና ታሪክ ውስጥ ለብቻው የሚነገር ነው። በ1960 ፊላደልፊያ ከተማ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች በታማሚዎቹ ህዋሳት ውስጥ ከልኩ ያጠረ አንድ ክሮሞዞም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ የምትባል የቺካጎ ሐኪም በቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ የክሮሞዞም ፎቶግራፎችን በመቀስ እየቆረጠች ስታስተያይ፣ ዘጠነኛውና ሃያ ሁለተኛው ክሮሞዞም ተሰብረው ስባሪያቸውን እንደተለዋወጡ ደረሰችበት፤ ልጆቿ በወረቀት አሻንጉሊት የምትጫወት መስሏቸው ይቀልዱባት ነበር ይባላል። ከዚያ የተሳሳተ መጋጠሚያ የሚወጣው፣ በወረቀትዎ ላይ ቢ.ሲ.አር-ኤ.ቢ.ኤል የተባለው ፕሮቲን፣ ነጭ የደም ህዋሳቱን ያለማቋረጥ «ተባዙ» እያለ ያዛል። በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን ይህንኑ ፕሮቲን ለይቶ የሚዘጋ ነው። ልጅዎ ይወስድ የነበረውም እርሱ ነው።

እንግዲህ ዘመዶችዎ የነገሯችሁ ከ2001 በፊት ቢሆን ኖሮ እውነት ነበር። በ1990ዎቹ ይህን በሽታ ከሥሩ ይነቅላል ተብሎ ተስፋ የሚጣልበት የሌላ ሰው መቅኔ ብቻ ስለነበረ፣ በዓለም ላይ ለሚደረገው ንቅለ ተከላ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ሲ.ኤም.ኤል ነበር። ክኒኑ ከመጣ በኋላ ግን ያ ሰልፍ ተበተነ። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ታማሚ ዕድሜው ከእኩዮቹ ዕድሜ ጋር የተቀራረበ ነው። ንቅለ ተከላው በአንጻሩ የሰው ሕይወት የሚቀጥፍበት ጊዜ አለ። ክኒን በያዘ ሰው ላይ ያንን አደጋ ቤት ሸጦ መግዛት ለእኔ ስሌቱ አይገባኝም።

የሚያስፈራኝ ያ ሦስት ሳምንት ነው። ጎኑ ስለሟሸሸ በሽታው የጠፋ ይመስላል፤ በመቅኔው ውስጥ ግን አለ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ተመልሶ ይባዛል፤ እየወሰዱ እያቆሙ መሄድ ደግሞ ክኒኑ የማይነካው ዝርያ እንዲነሣ መንገድ ይከፍታል፤ ሲብስ ወደ አጣዳፊ ሉኪሚያ ይለወጣል። ስለዚህ በየቀኑ፣ ከምግብ ጋር፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጥ። የዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ ማቅለሽለሽ ወይም የጡንቻ መኮማተር ቢመጣ ለሐኪሙ ይነገራል እንጂ በራስ ውሳኔ አይቆምም። የዚያ ፕሮቲን ዘረ መል መጠን በየሦስት ወሩ እንዲለካለት ይጠይቁ። መድኃኒቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በዓለም አቀፍ የእርዳታ ፕሮግራም አማካይነት ለታካሚዎች በነጻ ሲሰጥ የቆየ ነው፤ በደብዳቤዎ ስለ ክፍያ ምንም ስላላነሡ ልጅዎም በዚሁ መንገድ እንደሚያገኘው እገምታለሁ። ኢማቲኒብ አልሠራ ቢል በእርሱ እግር የሚተኩ ሌሎች ክኒኖች አሉ። እነርሱም ካልሠሩ ወይም በሽታው ወደ አጣዳፊው ከተለወጠ ያኔ ስለ መቅኔም ስለ ቤቱም እንነጋገራለን።

በወባና በታይፎይድ መድኃኒት ስላለፈው ዓመት ልፈርድ አልችልም። እኔ ራሴ ወጣት ሐኪም ሳለሁ፣ ጣፊያው እስከ እምብርቱ የወረደ አንድ ገበሬ ከቆላ መምጣቱን ብቻ ሰምቼ አምስት ሳምንት በወባ መድኃኒት አመላልሼዋለሁ። አንድ ጠብታ ደም መስተዋት ላይ አድርቄ በማይክሮስኮፕ ባየው ኖሮ በግማሽ ሰዓት የሚታይ ነገር ነበር።

ጥያቄ፦ «በሰበታ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ስቴም ሴል፣ ማለትም የደም ህዋሳት ሁሉ ስለሚወጡበት እናት ህዋስ፣ ሲያስተምሩን መቅኔ የሚሰጠው እንደ ግሉኮስ በደም ሥር ነው አሉን። እኔ ግን አጥንት ተከፍቶ የሚጨመር ይመስለኝ ነበር። በደም ሥር የገባው መቅኔ ወደ አጥንት የሚወስደውን መንገድ እንዴት ያውቃል? ይህንንስ መጀመሪያ የሠራው ማን ነው?»

መልስ፦ መምህርህ ልክ ናቸው። ተቀባዩ አይቀደድም፣ አይሰፋም። ንቅለ ተከላ የሚለውን ቃል የለመድነው ከኩላሊት ስለሆነ ሁላችንንም ቢላዋ ያሳስበናል፤ የሚታየው ግን ደም የመሰለ ከረጢት ተሰቅሎ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ሲንጠባጠብ ነው። ህዋሳቱ በበረዶ ተጠብቀው የቆዩ ከሆኑ፣ ከማቆያው ኬሚካል የተነሣ ክፍሉን ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ይሞላዋል፤ ሥራው ከውጭ ሲታይ ከዚህ አያልፍም። የከበደው ነገር የሚደረገው ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ነው፤ በከባድ ኬሞቴራፒ፣ አንዳንድ ጊዜም በጨረር፣ የታመመው መቅኔ እንዲጠፋ ይደረጋል፤ ሰውየውም ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት የራሱ ደም የማያመርት፣ ተራ ጉንፋን የሚያሰጋው ሰው ሆኖ ይቆያል።

ወደ አጥንት ስለሚወስደው መንገድ የጠየቅኸውን ንብ አናቢ የሆነ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። መቅኔው ራሱ የሚያመነጨው አንድ ኬሚካል አለ፤ በስቴም ሴሎቹ ገጽ ላይ ደግሞ ያንን ኬሚካል የሚያሸት መቀበያ አለ። በደም ውስጥ ሲዞሩ ጥሪው ወደሚበረታበት ይሳባሉ፣ ከደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ያርፋሉ፣ ሾልከው ይገባሉ። ንብ በመዓዛ ወደ ቀፎዋ እንደምትመለስ ማለት ነው። ቦታቸውን ከያዙ በኋላ አዲስ ደም በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ባለው ጊዜ ይታያል። ጤነኛ መቅኔ በቀን 200 ቢሊዮን ገደማ ቀይ የደም ህዋሳት እንደሚያመርት ስታስብ፣ በአንዲት ከረጢት ውስጥ ምን ያህል ጉልበት እንዳለ ይገባሃል።

ማን ጀመረው ላልከው ነገሩ የሚጀምረው በ1945 በጃፓን ላይ ከተጣሉት ቦምቦች ነው። ከፍንዳታው የተረፉ ሰዎች ከሳምንታት በኋላ ደማቸው እያለቀ ሲሞቱ፣ ጨረር መቅኔን እንደሚገድል ግልጽ ሆነ። በ1949 ሊዮን ጃኮብሰን የተባለ ተመራማሪ ቺካጎ ውስጥ የአይጦችን ጣፊያ በእርሳስ ብረት ሸፍኖ ጨረር ሲሰጣቸው ከሞት ተረፉ፤ በአይጥ ጣፊያ ውስጥ ደም የሚያመርቱ ህዋሳት አሉና። በ1961 ደግሞ ቲልና ማኩሎክ የተባሉ ሁለት የቶሮንቶ ሳይንቲስቶች ጨረር በተሰጣቸው አይጦች ላይ መቅኔ ሲያፈሱ በጣፊያቸው ላይ ትንንሽ እብጠቶች ወጡ፤ ተከታትለው ሲያጣሩ እያንዳንዱ እብጠት ከአንድ ህዋስ ብቻ የተባዛ ሆኖ አገኙት። ስቴም ሴል በመላ ምት ከመነገር አልፎ በቁጥር የተያዘው ያኔ ነው።

ወደ ሰው ያሻገረው ግን አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ ነው። በ1920 ማርት በምትባል የቴክሳስ ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ አባቱም የገጠር ሐኪም ነበሩ። በ1957 ኒው ዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን ውስጥ ሲሠራ፣ የሌላ ሰው መቅኔ በደም ሥር ስለተሰጣቸው ስድስት ታማሚዎች ጽሑፍ አወጣ። ከስድስቱ አንድም መቶ ቀን ያለፈ አልነበረም። እኔ ይህን ሰው የማከብረው ኋላ ካገኘው የኖቤል ሽልማት ይልቅ ለዚያ ጽሑፍ ነው፤ ስድስት ታማሚ የሞተበትን ሥራ በስሙ አሳትሞ «የሆነው ይህ ነው» ማለት ለማንኛውም ሐኪም ቀላል አይደለም። በ1959 ፍጹም መንታ ላላቸው የሉኪሚያ ታማሚዎች የመንታቸውን መቅኔ ሰጠ። ደማቸው አገገመ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሉኪሚያው ተመለሰ። መንታ ካልሆነ ሰው የተወሰደ ሲሆን ደግሞ አዲሱ መቅኔ የተቀባዩን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይወጋል። በ1960ዎቹ ብዙዎች ነገሩን ትተውት ወጡ።

ቶማስ በ1963 ወደ ሲያትል ተዛውሮ ወደ ውሾች ተመለሰ። ከአንዲት ውሻ በአንድ ጊዜ የተወለዱ ቡችሎች ሲፈተሹ፣ የህብረ ህዋስ ዓይነታቸው ከመቅኔ ሰጪው ጋር የገጠመላቸው ተቀባዮች ሲኖሩ ያልገጠመላቸው ያልቃሉ። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ በ1958 በሰው ነጭ የደም ህዋሳት ላይ ያገኘው ምልክት እየሰፋ የሰውን ህብረ ህዋስ መለየት ይቻል ጀመር፤ እርሱም በ1980 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ቶማስ ወደ ሰው የተመለሰው በ1969 ነው። በ1977 ሌላ መድኃኒት ሁሉ የከዳቸውን አንድ መቶ የሉኪሚያ ታማሚዎች ውጤት ሲያወጣ፣ ከበሽታ ነጻ ሆነው በሕይወት የተገኙት 13 ነበሩ። አሥራ ሦስት ከመቶ ለአንተ ትንሽ ይመስልሃል፤ ሁሉም እንደሚሞቱ ለሚያውቅ ሐኪም ግን ከዚያ በፊት ያልነበረ ቁጥር ነው። ቀጥሎ የተጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ እስኪያልቅላቸው ከምንጠብቅ ገና ሳይዳከሙ ብንጀምርስ? ሲጀምሩ የሚተርፈው በዛ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ከ1959ኙ መንታዎች ጋር የሚያያዘው ነገር ነው። ከፍጹም መንታ የተቀበሉትን አዲሱ መቅኔ እምብዛም አይወጋቸውም፤ ሉኪሚያቸው ግን ቶሎ ይመለሳል። ትንሽ ከሚለይ ወንድም የተቀበሉት ይሠቃያሉ፤ ሉኪሚያቸው ግን የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል። የሲያትል ተመራማሪዎች በ1979 እንዳሳዩት፣ ያ የሚወጋ ባዕድ ሠራዊት የተረፈውን ካንሰር ጭምር ይወጋል። ስለዚህ ዛሬ የሚታገሉት ውጊያውን ጨርሶ ለማጥፋት ሳይሆን ልጓም ለማበጀት ነው።

የቶማስን ሚስት ዶቲን ሳልጠቅስ ብተው ያዳላሁ ይመስለኛል። ጋዜጠኝነት የጀመረች ሴት ነበረች፤ እርሱ ሐኪም ለመሆን ሲወስን የላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ተምራ ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ሠራች፤ የሚያትማቸውን ጽሑፎችም ታርም ነበር። በ1990 የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ ቶማስ የተጋራው በ1954 በመንታዎች መካከል ኩላሊት ካዛወረው ከጆሴፍ መሪ ጋር ነው። ቶማስ በ2012 አርፏል።

ጥያቄ፦ «ከቡራዩ ነው የምጽፈው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ አጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ ይዞት ኬሞቴራፒ ጨርሷል፤ ለንቅለ ተከላ ውጭ አገር መሄድ ስላለበት እህትና ወንድሞቹ ሁላችንም እንድንመረመር ተነግሮናል። ከእርሱ ሌላ አምስት ነን። እኔ ደሜ ቢ ነው፣ የእርሱ ኦ፤ ስለዚህ እንደማልሆን ገምቻለሁ። አማቴ ደግሞ ‹መቅኔ የሰጠች ሴት ወገቧ ይሰበራል፣ ሁለተኛም አትወልድም› ብለው ባለቤቴን አስፈርተውታል።»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጀመሪያው ጸሐፊ ልጅ በተለየ ለወንድምዎ ንቅለ ተከላ መታሰቡ ትክክል ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሉኪሚያ በብዙ ታማሚዎች ላይ ኬሞቴራፒው ለጊዜው ያጸዳዋል እንጂ ዳግም እንዳይመጣ የሚያደርገው ንቅለ ተከላው ነው፤ ጊዜውም በሽታው ተኝቶ ሳለ ነው። ስለዚህ ምርመራው አይዘግይ።

የደም ዓይነቱ መለያየት አያግድዎትም። የሚፈለገው ግጥም በነጭ የደም ህዋሳት ላይ ያለው የህብረ ህዋስ ምልክት ነው፤ ግማሹን ከአባት፣ ግማሹን ከእናት እንወርሰዋለን። ስለዚህ ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ሁለት ልጆች ሙሉ በሙሉ የሚገጥሙት ከአራት በአንዱ ነው። አምስት ስትሆኑ ቢያንስ አንዳችሁ የመግጠማችሁ ዕድል 76 በመቶ ገደማ ይሆናል። የወላጆቻችን ብዙ መውለድ የሚያስመሰግን ሆኖ ያገኘሁት በዚህ ስሌት ነው። ይህ የሚሠራው አባትና እናት አንድ ሲሆኑ ነው፤ ምርመራው ቤተሰብ የሸሸገውን ነገር የሚገልጥበት ጊዜ ስላለ፣ ውጤቱን ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው እንዲነግሩ ሐኪሞቹን አስቀድሞ መጠየቅ አይከፋም።

ማንም ካልገጠመ በሌላው ዓለም የበጎ ፈቃደኞች መዝገብ አለ፤ ለእኛ ግን ብዙ አያስመካም። በአሜሪካው መዝገብ እንኳ አንድ ነጭ ሙሉ ግጥም የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ገደማ ሲሆን ለጥቁር አሜሪካዊ 29 በመቶ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም የአፍሪካ ልጆች ህብረ ህዋስ እጅግ የተለያየ ከመሆኑም በላይ የተመዘገቡት ጥቂት ናቸው። ደግነቱ በግማሽ ከሚገጥም ሰው መቀበል ዛሬ የተለመደ ሆኗል። የባልቲሞር ሐኪሞች መቅኔው በተሰጠ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን አሮጌ መድኃኒት በመስጠት ለውጊያ የሚነሡትን ህዋሳት ለይተው መግደል ቻሉ። በዚህ መንገድ እናቱም፣ አባቱም፣ ልጅ ቢኖረው ልጁም ይሆናሉ።

አማትዎን የሚያስፈራቸው ቃሉ ይመስለኛል። መቅኔ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በጀርባ ውስጥ የሚወርደውን ህብለ ሰረሰር ነው፤ እርሱ ቢነካ በእርግጥ ሽባ ያደርጋል። የሚወሰደው ግን ከዳሌ አጥንት የኋላ ጠርዝ ነው፤ እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው ወደ ኋላ ቢያንሸራትቱ ያገኙታል። ማደንዘዣ ተሰጥቶ በመርፌ ይቀዳል፤ ለጥቂት ቀናት ወድቆ የተነሣ ሰው ያህል ያምማል፤ የወጣው በሳምንታት ውስጥ ይተካል። አሁን የሚበዛው ደግሞ ሌላው መንገድ ነው፤ ለአራትና ለአምስት ቀናት መርፌ ይወጋሉ፣ ስቴም ሴሎቹ ከመቅኔ ወደ ደም ይወጣሉ፣ ከዚያ በአንድ ክንድ ደም እየወጣ በማሽን ተጣርቶ በሌላው ክንድ ይመለሳል። አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። መርፌው አጥንት ያቆረጥማል፣ ራስ ያሳምማል፤ ሲቆም ያልፋል። መካንነት አያመጣም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ግን አይሰጡም፤ ስለዚህ አስቀድመው ይመርመሩ። መውለድ የሚያሰጋው ለወንድምዎ ነው፤ የሚሰጠው ከባድ ኬሞቴራፒ ዘሩን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ከመጀመሩ በፊት የዘር ፈሳሽ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። በእኛ ቤት ይህ የማይነሣ ወሬ መሆኑን አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ «የሱሉልታ ነዋሪ ነኝ፤ ላም አርብቼ ወተት እሸጣለሁ። በሕንድ አገር ከእህቴ ስቴም ሴል ተቀብዬ ከተመለስኩ ስድስተኛ ወሬ ነው። ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ወደ በረቴ መቼ ልግባ? ሁለተኛ፣ ለበዓል ጥሬ ሥጋ መብላት፣ አክስቴም እንዳለችው እንጦጦ ጸበል ገብቶ መጠመቅ ይፈቀድልኛል? ሦስተኛ፣ በፊት ደሜ ኦ ፖዘቲቭ ነበር፤ በቀደም ስመረመር ኤ ፖዘቲቭ አሉኝ። ላቦራቶሪው ተሳስቷል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ላሞቹን ከሩቅ ይዩአቸው፤ በረቱ ግን ይቆይ። ከላሞቹ ይልቅ የሚያሰጋኝ ድርቆሹ ነው። ከክምር ሲመዘዝ የሚቦነው አቧራ የሻጋታ ዘር የተሞላ ነው፤ ጤነኛ ሳንባ ያባርረዋል፣ የእርስዎ አሁን ያለ ሳንባ ግን ሊያስተናግደው ይችላል፤ የሳንባ ሻጋታ ከያዘ በኋላ ደግሞ ማዳኑ አስቸጋሪ ነው። ውጊያውን የሚያበርደውን መድኃኒት ጨርሰው ሐኪምዎ እስኪፈቅዱ ድረስ ድርቆሽ የሚያወርድ፣ እበት የሚጠርግ፣ የሚያልብም ሌላ ሰው ይሁን። ወተቱንም ቢሆን አፍልተው ብቻ ይጠጡ፤ ካልፈላ ወተት የተረጋውን እርጎና አይቡን ጨምሮ ማለቴ ነው።

ጥሬ ሥጋው፣ ክትፎውም ለብ ለብ ያለው፣ በዚህ ዓመት አይሞከርም። በሱሉልታ በዓል ውሎ ቁርጥ እያዩ ጥብስ መብላት ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ነው በቁርጥ የምጽፈው። ስለ ጸበሉ፣ አክስትዎን አልቃወምም፤ ነገር ግን ያልፈላ ውኃ መጠጣትም ሆነ ብዙ ሰው በሚጋፋበት ቦታ መጠመቅ ለአሁኑ አደጋ አለው፤ በደረትዎ ላይ የመድኃኒት ቱቦ ከቀረ ደግሞ ጨርሶ አይነካም። ጉዳዩን ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፤ ቤትዎ መጥተው ቢጸልዩልዎት፣ ጥምቀቱንም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ቢያቆዩት የሚከፉ አይመስለኝም። ትኩሳትዎ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ እንጂ ዳማ ከሴ አይጠጡ። ቆዳ ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ የማይቆም ተቅማጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆንና የአፍ መድረቅም አዲሱ መቅኔ ሰውነትዎን እየወጋ መሆኑን የሚያመለክቱ ስለሚሆኑ ለሐኪም የሚነገሩ ናቸው። የደጋው ፀሐይ ራሱ ይህን ውጊያ በቆዳ ላይ ሊቀሰቅሰው ስለሚችል ባርኔጣና ረጅም እጅጌ አይለይዎት። በልጅነትዎ የወሰዷቸው ክትባቶችም አብረው ስለጠፉ እንደገና ይወሰዳሉ፤ እንደ ኩፍኝ ያለው ሕያው ክትባት ግን ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጠብቃል።

ላቦራቶሪው አልተሳሳተም። እህትዎ ደሟ ኤ መሆን አለበት፤ ደምዎን የሚያመርተው አሁን የእርሷ መቅኔ ነውና። ለውጡ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የሚሞላ ሲሆን፣ የደም ህዋሳትዎ ክሮሞዞም ቢመረመር የሴት ሆኖ ይገኛል፤ ጸጉርዎና ቆዳዎ ግን እንደ ቀድሞው የእርስዎ ነው። ይህ ለጨዋታ የሚሆን ብቻ አይደለም። አደጋ ደርሶብዎት ደም ቢያስፈልግዎ፣ የሚሰጥዎ ሰው ንቅለ ተከላ ማድረግዎን፣ የቀድሞውንና የአሁኑን የደም ዓይነት፣ ደሙም በጨረር የታከመ መሆን እንዳለበት ማወቅ አለበት። የሕንዱን ሆስፒታል የመውጫ ወረቀት ቅጂ በኪስዎ ይያዙ፤ ለባለቤትዎም አንድ ይስጡ። መታወቂያዎ ላይ «ኦ ፖዘቲቭ» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ በዚህ ሳምንት ቀበሌ ሄደው ያስለውጡት።